የስብዕና ምዘና ወጣቶቻችንን ገና በጠዋቱ እናመስግን

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶቻችን፣ እንኳን ወደ ዓመታዊ ጉባኤያችን በደህና መጣችሁ።

ዛሬ ከሪፖርቱም ከምርጫውም በፊት ወጣት የስብዕና ምዘና ተመራማሪዎቻችንን እናመሰግናለን። ቅደም ተከተሉን እንዲህ ያደረግነው ሆን ብለን ነው። ምስጋና የሚያምረው አዳራሹ ሙሉ ሳለ ነው።

ሄርማን ሮርሻክን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም የቀለም ነጠብጣብ ያለባቸውን ካርዶች እያሳየ «ምን ይታይዎታል?» በማለት ስብዕናን የሚመዝነውን ፈተናውን የያዘ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1921 ሲያሳትም ገና 36 ዓመቱ ነበር። አሳታሚ ፍለጋ ብዙ ተንከራቷል። በመጨረሻ የተገኘውም ካርዶቹን ወደ 10 አስቀነሰው። መጽሐፉ ገበያ አልቀናውም። በዓመቱ፣ በ37 ዓመቱ፣ ሮርሻክ አረፈ። ስሙ ዓለምን ሲያዳርስ እሱ አላየም። ስለ ፈተናው ብቃት እስከ ዛሬ እንከራከራለን፤ መከራከርም አለብን። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን በሕይወት ሳለ «አበጀህ» የሚለው ሰው ማነሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1938 የሥነ ልቦና ባለሙያው ብሩኖ ክሎፕፈር አሜሪካ ውስጥ ያቋቋመው የሮርሻክ ኢንስቲትዩት ዛሬ የስብዕና ምዘና ማኅበር ይባላል። ከሽልማቶቹ አንዱ፣ በሳሙኤልና በአን ቤክ ስም የሚሰጠው፣ ለጀማሪ ተመራማሪዎች የተለየ ነው። ጥሩ አርአያ ነው።

የእኛ ወጣቶች ሥራ ከሩቅ አይታይም። ከውጭ የመጣን መጠይቅ ወደ አማርኛ ወይም ወደ አፋን ኦሮሞ መመለስ ገና ጅማሬው ነው። አንዲት ጠያቂ ማንበብ የማይችሉ እናት ቤት ትገባለች እንበል። ቡና ተፈልቷል፤ ጎረቤትም አለ። መጠይቁን ጮክ ብላ ታነባለች። «ቶሎ እናደዳለሁ» ስትላቸው «አዎ» ይላሉ። ትንሽ ቆይታ «ትዕግሥተኛ ነኝ» ስትላቸውም «አዎ ልጄ» ይላሉ። እናትየው አልዋሹም። ቤት ድረስ የመጣች እንግዳን «አይ» ማለት ይከብዳል፤ ይሉኝታ ይይዛል። ይህን ሳያጣራ ነጥብ የሚደምር ሰው የለካው ስብዕናቸውን ሳይሆን እንግዳ አክባሪነታቸውን ነው።

ጎበዝ ተመራማሪ እዚህ ላይ ይቆማል። ተቃራኒ ጥያቄዎችን አመጣጥኖ ያስገባል። «ይህን ስልዎት ምን ተረዱ?» ብሎ ይጠይቃል። ሳምንታት ቆይቶ ተመልሶ ይለካል። አልፋ የሚባለው ስታቲስቲካዊ መለኪያ እንደ በቂ የሚቆጠረውን 0.7 አለፈ ብሎ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። አልፋ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መያያዛቸውን ይጠቁመናል እንጂ የሚለኩት ያሰብነውን ነገር መሆኑን አያረጋግጥልንም። አሜሪካውያኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሊ ክሮንባክና ፖል ሚል አንድ ፈተና የተባለውን ባሕርይ በእርግጥ መለካቱ እንዴት እንደሚጣራ እ.ኤ.አ. በ1955 ሲጽፉ፣ ሚል የ35 ዓመት ወጣት ነበር።

በመጠይቅ ውጤት ሰው ሥራ ሊያገኝ ወይም ሊያጣ ይችላል። ሕክምናውም ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ይህን አድካሚ ሥራ በትዕግሥት የሚሠሩ ልጆች ባለውለታዎቻችን ናቸው።

አንጋፋ ባልደረቦቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሐሳቡን ያፈለቀው፣ መረጃውን የለቀመው፣ ትንተናውን የሠራው ልጅ ከሆነ፣ ጽሑፉ ላይ ስሙ አንደኛ ይውጣ። የመመረቂያ ጥናቱም መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲለብስ ዝም አንበል፤ እስኪታተም አብረነው እንቀመጥ።

የዘንድሮው ጉባኤያችን መከፈቱን እያበሰርኩ፣ ተሸላሚዎቻችንን ወደ መድረኩ እጋብዛለሁ። እባካችሁ በጭብጨባ ተቀበሏቸው።