ነፋሱን አይተህ ነው ባሕር የምትመርጠው

ሄኖክ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ ወገኖች። ዛሬ ሊያ ከማልታ፣ ከዛች ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ካለችው የደሴት አገር ተመልሳለች፣ ቪዲዮ ስለሌለን አታዩዋትም እንጂ ፀሐዩ ጉድ አድርጓታል።

ሊያ፦ ኧረ ክሬም ተቀብቼ ነው እኮ እንዲህ የሆንኩት።

ሄኖክ፦ ማልታ ሲባል እኔ የማውቀው ያቺን ብሉ ላጉን የሚሏትን ሰማያዊ መዋኛ ቦታ ነው፣ ኢንስታግራም ላይ ሰው ሁሉ እየዘለለ የሚገባባትን። አንቺ ግን አልሄድሽም አሉ።

ሊያ፦ አልሄድኩም። ከሰው ብዛት የተነሳ ከ2025 ጀምሮ በኦንላይን ቀድመህ ሳትመዘገብ አትገባም፣ እኔ ደግሞ ውሃ ውስጥ ለመግባት ወረፋ መያዝ አልፈልግም በቃ። ስለዚህ ጎዞ የምትባለው ሌላዋ ደሴት ሄድኩ፣ ከዋናው ደሴት በፌሪ 25 ደቂቃ ምናምን ናት፣ እዛ በደቡብ በኩል ምጃር ኢሽሺኒ የምትባል ጠባብ የባሕር ሰርጥ አለች። ባሕሩ በሁለት ገደል መሀል ገብቶ ገብቶ መጨረሻው ላይ ትንሽዬ የጠጠር ዳርቻ ይሆናል፣ በቃ ያቺው ናት።

ሄኖክ፦ አሸዋ የለም ማለት ነው?

ሊያ፦ ጠጠር ነው፣ ባዶ እግርህን ከሆንክ ሁለት እርምጃ ሄደህ እንደ ሽማግሌ ነው የምትጎብጠው፣ የውሃ ጫማ ግድ ነው። ግን አሸዋ ስለሌለ ውሃው አይደፈርስም፣ አንገትህ ድረስ ገብተህ የእግርህን ጣቶች ትቆጥራለህ።

ሄኖክ፦ እሺ ታዲያ እንደዚህ ካማረች ሰው ለምን አላጥለቀለቃትም?

ሊያ፦ አንደኛ መንገዱ፣ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ቁልቁለት ነው፣ ሁለት ከተገናኙ አንዱ የግድ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እኔ ከሸውኪያ መንደር በእግሬ ነው የወረድኩት። ግን ዋናው ነገር ምን መሰለህ፣ ማልታዎች ባሕር ከመሄዳቸው በፊት የሚያዩት ነፋሱን ነው። ያረፍኩበት ቤት ያሉት ሴትዮ ጠዋት ቡና እየጠጣሁ የት ልትሄጂ ነው አሉኝ፣ ሰሜን በኩል ያለ አንድ ቦታ ስነግራቸው በመስኮት አንዴ ወጣ ብለው አዩና ዛሬ ማጂስትራል ነው አይሆንም አሉኝ። ማጂስትራል ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው ነው፣ እዛ አገር ከሁሉም በላይ የሚነፍሰው እሱ ነው፣ እሱ ሲነሳ ሰሜኑ በሙሉ ማዕበል ነው። ምጃር ኢሽሺኒ ግን አፏ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስለሆነ ደሴቲቱ ራሷ ትከልላታለች፣ ላይ ገደሉ ጫፍ ላይ ነፋሱ ኮፍያዬን ሊወስደው ነበር፣ ታች ስወርድ ውሃው ዝም ብሏል።

ሄኖክ፦ እና ነፋሱ ከዛው ከደቡብ ምሥራቅ የመጣ ቀንስ?

ሊያ፦ እሱ ሽሎክ ይባላል፣ ያኔ ሁሉ ነገር ይገለበጣል፣ ማዕበሉ በቀጥታ ይገባል፣ ጄሊፊሽም ሊነዳ ይችላል፣ እንደዛ ቀን ወደ ሰሜን ነው የምትሄደው። ስለዚህ ምርጡ ባሕር የቱ ነው ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም፣ ዛሬ የቱ ነው ነው የሚባለው።

ሄኖክ፦ ቆይ ይሄ ነገር መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አለ እኮ! የሐዋርያት ሥራ 27፣ ጳውሎስን የያዘችው መርከብ፣ አውራቂስ የሚሉት ነፋስ ነድቷት ነድቷት 276 ነፍስ ይዛ መላጥያ ላይ ተሰባበረች፣ መላጥያ ማልታ ናት አይደል?

ሊያ፦ አዎ፣ እነሱም በጣም ነው የሚኮሩበት። እና እዛ ላይ እንኳን መርከበኞቹ የፈለጉት ዳርቻ ያለው ሰርጥ ነው፣ መጠለያ። ችግሩ ለአንተ የተመቸ መጠለያ ለሌላውም ይመቻል። በ1551 የኦቶማን ቱርክ መርከቦች ጎዞን ሲወሩ ወደ 5 ሺህ ሰው፣ የደሴቲቱን ሕዝብ ከሞላ ጎደል በሙሉ በባርነት ጭነው ወደ ሊቢያዋ ትሪፖሊ ወሰዱት፣ ከተጫነባቸው ቦታዎች አንዷም ምጃር ኢሽሺኒ ናት ይባላል። አሁን አፏ ላይ የምታየው የጥበቃ ግንብ በ1661 ነው የተሠራው።

ሄኖክ፦ ከ110 ዓመት በኋላ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ሊያ፦ ሃሃ፣ አይ በመሀልም ወንበዴ አልጠፋም ነበር። ግን ትሪፖሊ የሚለውን ሳነብ እዛው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ትንሽ ደንገጥ አልኩ። ያ ውሃ ለእኛ ልጆች ሌላ ታሪክ አለው፣ ከሊቢያ በላስቲክ ጀልባ ተነስተው ማልታ የደረሱ አሉ፣ ያልደረሱም አሉ። እኔ ፎጣ ይዤ ነው የሄድኩት።

ሄኖክ፦ እውነት ነው። እኔ ሜዲትራኒያን ሲባል መጀመሪያ የሚመጣልኝ ሽርሽር አይደለም።

ሊያ፦ አዎ። አልዋኝም ግን አላልኩም፣ ዋኘሁ።

ሄኖክ፦ ደግ አደረግሽ። ፎቶው ላይ ግን ዳርቻው ላይ የተከመረ ጥቁር ነገር አየሁ፣ ቆሻሻ ነው?

ሊያ፦ አይደለም፣ ፖሲዶኒያ ነው፣ ሜዲትራኒያን ውስጥ ብቻ የሚገኝ የባሕር ሣር። የሞተው ቅጠሉ ነው የሚወጣው፣ ልክ ካሴት ሲበጠስ የሚተረተረውን ክር ነው የሚመስለው። ሽታው ደስ አይልም ግን በብርዱ ወራት ማዕበሉን የሚከላከለው እሱ ነው፣ ካነሱት ዳርቻው ራሱ ይታጠባል። ቱሪስቱ አፍንጫውን ይይዛል፣ የአገሩ ልጅ ፎጣውን እላዩ ላይ ያነጥፋል።

ሄኖክ፦ ምግብስ?

ሊያ፦ ከመንደር ፍቲራ ይዤ ነው የወረድኩት፣ ክብ ዳቦ ነው፣ ቲማቲም፣ የወይራ ዘይት፣ ኬፐር የሚሉት ጎምዛዛ የአበባ እንቡጥ፣ ቱና። ዓርብ ስለነበር ቱናውን አስወጣሁት፣ ልጅቷ ግራ ገብቷት አየችኝ።

ሄኖክ፦ ዓሣ እኮ...

ሊያ፦ እንዳትጀምረው! ያንን ክርክር ዛሬ አንከፍተውም።

ሄኖክ፦ እሺ እሺ። አውሮፓ ላሉት አድማጮቻችን ማልታ ሸንገን ውስጥ ናት፣ ከሌላ የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ለአጭር ጉብኝት ሌላ ቪዛ አይፈልግም። ጊዜውስ?

ሊያ፦ ሴፕቴምበር። ባሕሩ የእነሱን በጋ ሙቀት እንደያዘ ነው፣ ተማሪው ደግሞ ትምህርት ቤት ይገባል። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከገደሉ ጀርባ ቶሎ ነው የምትገባው። ፌሪው ላይ ደግሞ ስትሄዱ ማንም ብር አይጠይቃችሁም እንዳትደናገጡ፣ የሚከፈለው ከጎዞ ስትመለሱ ነው።

ሄኖክ፦ ካልተመለስኩስ?

ሊያ፦ በነፃ ሄድክ ማለት ነዋ።