ዋንዛውን ለምን ቀባኸው?

እየቀዳ ነው? እሺ። መብራት እያለ ልጨርስ ብዬ ነው። መላጊያው ቆሟል፣ የጎረቤቱ አውራ ዶሮ ግን አልቆመም፤ እሱን ታውቁታላችሁ።

ስለ ወንበሩ ነው። አዎ፣ ያ ስንት ጊዜ ያሰለቸኋችሁ ቀይና ሰማያዊ። አለቀ፣ ማክሰኞ አደረስኩት። "እንኳን ደስ አለህ" የምትሉኝ ግን ትንሽ ቆዩ።

እማማ ቡና እየቆሉ ነበር። ልጃቸው ከውጭ ሆኖ ነው ያዘዘው፣ ነግሬያችኋለሁ። ወንበሩን መሐል ቤት አቆምኩና እንደ ሚዜ እጄን አጣምሬ ራቅ አልኩ። መደገፊያው ቀይ፣ መቀመጫው ሰማያዊ፣ አጥንቱ ጥቁር፣ የእንጨቶቹ ጫፍ ቢጫ። ልክ እንደ ሪትቬልድ፣ ይሄን ወንበር መጀመሪያ እንደፈጠረው የሆላንድ አናጢ። እሳቸው ዝም። መቁያውን አወረዱ፣ ተነሱ፣ አንዴ ዞሩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከሥር አዩ! ከሥር ማን ያያል ብዬ ቀለሙን አሳስቼው ነበር። በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉና፣

"ዋንዛ ነው?"

"አዎ እማማ፣ ዋንዛ ነው።" ደረቴን ነፍቼ እኮ ነው የመለስኩት።

"ታዲያ ልጄ፣ ዋንዛውን ለምን ቀባኸው?"

በቃ፣ ይኸው ነው። ቁጣ የለው፣ ሽሙጥ የለው፣ ለማወቅ ነው የጠየቁኝ። እኔም "ሆላንድ አገር አንድ አናጢ ነበር..." ብዬ ጀመርኩላችሁ። "እህ" አሉ። "ቁጭ በል፣ ቡና ጠጣ።" እኔ መደብ ላይ፣ እሳቸው ዱካቸው ላይ። ወንበሩ ላይ ማንም። አቦሉን ቀድተው ሲጨርሱ ሞቃቸው መሰለኝ፣ ጋቢያቸውን አውልቀው መደገፊያው ላይ ጣል አደረጉት።

በኛ ሥራ ቀለም ለማን እንደሚቀባ ታውቃላችሁ። ለባህር ዛፍ፣ ለኮምፔንሳቶ፣ ጉድለቱ ለሚደበቅ። ዋንዛ ቫርኒሽ ይበቃዋል። ከበሮ የሚፈለፈለው ከምን ሆነና! ልጅ ሆነን ፍሬውን ስንበላ እጃችን ተጣብቆ... አበባው ሲፈካ ደግሞ ንቡ፣ ውይ፣ ዛፉ ራሱ የሚያዜም ነው የሚመስለው። ምን እያልኩ ነበር?

ሪትቬልድ። እሱም የአናጢ ልጅ ነው፣ የዩትሬክት ሰው፣ አባቱ ወርክሾፕ ውስጥ ነው ያደገው። የሱ ቀለም መደበቂያ አይደለም፤ እንጨቱ መስመር ብቻ፣ ሰሌዳው ስፋት ብቻ ሆኖ እንዲታይ ነው። የሞንድሪያን፣ የዚያ በቀጥታ መስመርና በቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ የሚሥለው ሆላንዳዊ ሠዓሊ ሥዕል ተነስቶ ቆሞ፣ ሰው የሚቀመጥበት ሆነ በሉት። ይሄን ለእማማ እንዴት ልበል? ደግሞ እኮ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ቀና ያለ ሰው፣ እነዚያ መላእክት ቁልቁል እያዩት፣ "ጣውላው የምን እንጨት ነው?" ብሎ ይጠይቃል? አይጠይቅም። እሺ፣ እማማ ሊጠይቁ ይችላሉ።

ግን የደበቅኋችሁ ነገር አለ። የመጀመሪያው፣ በፈረንጆቹ 1918 ግድም የሠራው፣ ቀለም አልነበረውም። ባዶ እንጨት። ቀለሙ የመጣው በ1923 አካባቢ ነው። ይሄን ማክሰኞ ማታ አይደለም ያወቅኩት። ከመጀመሪያው አውቅ ነበር። ሳልቀባው ብተወው ፎቶው ላይ ማን ይለየዋል ብዬ ነው። "አጥር ነው ወይስ ወንበር?" ትሉኝ ነበር፣ በተለይ በዚያች ባለሦስት እግር ጠረጴዛ የሳቃችሁብኝ። ታዲያ ለማን ነው የሠራሁት? ለልጃቸው? ለእናንተ? እማማ እንኳ ይቀመጡበታል ብዬ... ዝቅ ያለ ነው እኮ፣ ጉልበታቸውንም አልጠየቅኋቸው።

መፋቅ ይቻላል። አንድ ሳምንት ብርጭቆ ወረቀት ነው፣ ክንዴ ይችለዋል። ግን "ፋቅልኝ" አላሉም። ልጃቸውም ትናንት ደውሎ "ወደደችው" አለኝ። ወደደችው? ምኑን?

ጋቢው ግን... ነጩ በቀዩ ላይ፣ ጥለቱ ወደ ቢጫው ወርዶ... እኔ ያላሰብኩት ነገር ነው። ሰርቄ ፎቶ ላነሳው ስልኬን አወጣሁና መልሼ ከተትኩት፣ ለምን እንደሆነ...