ከሸሚዙ የኛ የቱ ነው?

የተከበራችሁ ወላጆችና እንግዶች፣ ውድ የስፌት ተመራቂዎች፣ እንኳን ደስ አላችሁ! አዘጋጆቹ ስለ ሥራ ፈጠራ አምስት ደቂቃ ተናገሪ ብለውኛል። እሺ፣ ግን መጀመሪያ የሆዴን ላውጣ።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ከመካከላችን ያልተደሰተ ነበር? ከየገጠሩ የመጡ ሴቶች ልጆች ከተማዋን ሞሏት። አንዲት ክፍል ለአራት ይከራዩ ነበር። እኔ ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። በኔ ላይን፣ ማለትም በምቆጣጠረው የስፌት መስመር፣ ኮሌታ የምትሰፋ አንዲት ልጅ ነበረች። ታርጌቷን ቀድማ ትጨርስና የጎኗን ልጅ ታግዛለች። የዕቁባችን ሰብሳቢም እሷው ነበረች። የጀማሪ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ በነበረበት ጊዜ፣ ከዚያችው ላይ ቆጥባ ዕቁብ ትጥላለች!

ጥቅምት 2014 ላይ አሜሪካ በሰሜኑ ጦርነት የተፈጸመውን የሰብዓዊ መብት ጥሰት ጠቅሳ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው ሕግ፣ እንደምታስወጣ አስታወቀች። ታኅሣሥ 23 ተፈጻሚ ሆነ። ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው ሸሚዝ ቀረጥ መጣበት፤ ገዢው ፊቱን አዞረ። ልጅቷ ዕቁቡ ሳይወጣላት ላይኑ ተዘጋ። የሰበሰበችውን ብር ለየባለቤቱ መለሰች። ሻንጣዋን ባጃጅ ላይ ጭና ወደ መነኸሪያ ሄደች።

እስቲ ንገሩኝ፣ ጦርነቱን ያወጀችው ኮሌታ ሰፊዋ ናት? ዋሽንግተን የቀጣችው ማንን ነው? የኛዎቹ ባለሥልጣናትስ ቢሆኑ፣ አጎዋ በየዓመቱ የሚገመገም ፈቃድ እንጂ ውል አለመሆኑ ጠፍቷቸው ነው? አልጠፋቸውም! እያወቁ የስንቱን ልጅ እንጀራ በአንድ ፊርማ ላይ አንጠለጠሉት።

አብዛኛው ጨርቅ በጅቡቲ በኩል የሚገባ ነበር። ጥጥ እኮ አርባ ምንጭም አዋሽም ይበቅላል! የኛ ድርሻ ጉልበት ብቻ ሆነ። ርካሽ ጉልበት ደግሞ ሌላም አገር ሞልቷል። ገዢውን ምን ያስጨንቀዋል? ነገ ሌላ አገር ያሰፋል።

ስለ ዶላሩም ልናገር ጽፌ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ተባለ፤ የዓለም የገንዘብ ድርጅቱ የአይኤምኤፍ 3.4 ቢሊዮን ዶላርም ተከተለ። የዋጋውን ነገር ክር ሱቅ ገብታችሁ አይታችሁታል፣ አልደግመውም።

ሥራ ፈጠራ? ተደራጁ፣ ማኅበር መሥርቱ። ፊት ለፊት ለተቀመጣችሁ ኃላፊዎች ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። የተማሪዎች ዩኒፎርም ጨረታ ሲወጣ ለጀማሪ ማኅበራት የዋስትናውን ገንዘብ ትቀንሳላችሁ ወይስ አትቀንሱም? መልሱን ከምሳ በፊት፣ እዚሁ መድረክ ላይ እጠብቃለሁ።