ዣቬር ለምን የቫልዣንን ዜማ ይዘፍናል?

የተከበራችሁ የቴአትር ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ የማወራችሁ በሙዚቃዊ ቴአትር ውስጥ እየተመላለሰ ስለሚሰማ ዜማ ነው። ምሳሌው ብዙ ነው፤ እኔ ግን አንዱ ላይ ልቆይ። የቪክቶር ሁጎን «ምንዱባን» በአማርኛ ያነበባችሁ አትጠፉም። ከዚሁ መጽሐፍ ተነሥቶ የተሠራው፣ ክሎድ ሚሼል ሾንበርግ ዜማ የደረሰለት ቴአትር እ.ኤ.አ. በ1980 ፓሪስ ላይ ታየ፤ በ1985 ደግሞ በእንግሊዝኛ ለንደን ገባ።

እዚህ ቴአትር ላይ ንግግሩም ሳይቀር ይዘፈናል። ስለዚህ ዜማ ይደጋገማል። እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንዱ ድግግሞሽ ቁጠባ ብቻ ነው፤ ብዙ ምስጢር አትፈልጉበት። አንዱ ግን ዝም ብሎ አይታለፍም።

ከእስር የወጣው ዣን ቫልዣን የጳጳሱን የብር ዕቃ ሰርቆ ይያዛል። ጳጳሱ «እኔ ነኝ የሰጠሁት» ብለው ያስጥሉታል። ጭራሽ መቅረዞቹን ይጨምሩለታል! ቫልዣን ብቻውን ሲቀር ከራሱ ጋር እየተሟገተ ይዘፍናል፤ የድሮውን ማንነቱን ጥሎ እንደ አዲስ ሊኖር ይወስናል።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሲያሳድደው የኖረው ፖሊስ ዣቬር ቫልዣን እጅ ላይ ይወድቃል። ቫልዣን ሊገድለው ሲችል ይለቀዋል። ዣቬርም በተራው ብቻውን ይቀርና ይዘፍናል። ዜማው ያው የቫልዣን ነው! ሁለቱም ያልጠበቁትን ምሕረት አግኝተዋል። አንዱ ምሕረቱን ተቀብሎ ሌላ ሰው ሆነ። ሌላው መሸከም አቅቶት ሴን ወንዝ ውስጥ ገባ። ሁለቱን የሚያወዳድር ተራኪ መድረክ ላይ አይወጣም። ሥራው ለጆሯችን ተትቷል፤ ዣቬር ራሱ እንኳ የማንን ዜማ እንደሚዘፍን አያውቅም።

ሁለቱ ሴቶች፣ ፋንቲንና ኢፖኒንም እንዲሁ ናቸው። ፋንቲን ልትሞት ስትል ልጇን የምትጠራበት ዜማ፣ ኢፖኒን የማይወዳትን ማሪየስን እያሰበች ስትዘፍን ይመለሳል። በሕይወት ሳሉ አንድም ትዕይንት አብረው የላቸውም። መጨረሻ ላይ ግን፣ ሁለቱም ከሞቱ በኋላ፣ የሚሞተውን ቫልዣንን ሊወስዱ መንፈሳቸው አብሮ ይመጣል፤ ያን ጊዜ አብረው መምጣታቸው አይገርመንም።

እኔን በጣም የሚገርመኝ የጳጳሱ ነው። ለቫልዣን የዘፈኑለት ዜማ፣ ማሪየስ በአመፅ ያለቁ ጓደኞቹን ሲያለቅስ ይመጣል። ብዙ ተመልካች ልብ አይለውም። ለእኔ የሚያገናኛቸው ዕዳ ነው፤ ቫልዣን በይቅርታ፣ ማሪየስ በሌሎች ሞት መካከል ተረፉ። በዚህ የማይስማማ ካለ፣ አሁን የጥያቄ ሰዓት ነውና እንከራከር።

አመሰግናለሁ።