ለጥድፊያ ጠዋት የሚበቁኝ ጥቂት ነገሮች

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። እኔና እናንተ ብቻ ነን። የማወራችሁ ጠዋት ከቤት ከመውጣቴ በፊት ፊቴን ስለማሰናዳባቸው ነገሮች ነው። በጣም የምወደው ርዕስ ስለሆነ አንዳንዱ ላይ ረዘም እላለሁ።

ቶሎ የሚያልቅ ሜካፕ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሙሉውን ሜካፕ ተጣድፎ መቀባትን ነው። እኔ እንደዚያ አላየውም። ጊዜ ሲያጥር መቀነስ ያለበት ሜካፑ ነው። ለቆዳው የሚደረገው እንክብካቤ መነካት የለበትም። ስለዚህ ከኔ ጠዋት ፋውንዴሽን፣ ያ ሙሉ ፊት ላይ የሚቀባው የቆዳ ቀለም፣ ወጥቷል። ብሩሽም ወጥቷል። የቀረው በጣት የሚቀባ፣ መስታወት ፊት ብዙ የማያስቆም ነገር ነው።

ከመታጠቡ ልጀምር። ጠዋት ፊቴን የምታጠበው ለብ ባለ ውሃ ብቻ ነው። ማታ በደንብ ታጥቤ ስለምተኛ ይበቃኛል። ቆዳችሁ ወዛም ከሆነ ግን ጠዋትም ለስላሳ የፊት መታጠቢያ ተጠቀሙ። የገላ ሳሙና ፊት ላይ ባይደርስ ደስ ይለኛል። የቆዳችን ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ ልክ፣ 5 አካባቢ ነው፤ ትንሽ አሲዳማ ነው ማለት ነው። የተለመደው ሳሙና ደግሞ 9 እና 10 ይደርሳል። ታጥባችሁ ስትጨርሱ ፊታችሁ ውጥርጥር ካለ፣ ቆሻሻው ብቻ አልሄደም። ቆዳውን የሚጠብቀው ቅባትም አብሮ ሄዷል።

በዚህ በኩል ሁለት የምርት ስሞችን ሳልሰስት እጠራለሁ፦ ሴታፊል እና ሴራቪ። ሴታፊል እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ያለ ነው። ሽታ የለው፣ ብዙ አረፋ የለው፣ ስራውን ብቻ ይሰራል። የሴራቪን እርጥበት ክሬም የምወደው ሴራማይድ ስላለው ነው። የቆዳችን የላይኛው ሽፋን እንደ ግንብ ነው። ሴሎቹ ድንጋዮቹ ናቸው፣ ሴራማይድ ደግሞ በመሃላቸው ያለው ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶው ሲሳሳ ውሃው ከውስጥ ይወጣል፣ የሚያቃጥለውም ነገር ከውጭ ይገባል። ደረቅ ቆዳ ያላችሁ ሰዎች ክሬም ስትመርጡ ጀርባው ላይ ሴራማይድ የሚል ፈልጉ። ከዚያ ፊታችሁን በፎጣ ሙሉ በሙሉ ሳታደርቁ፣ ገና እርጥብ ሳለ ተቀቡት። ይህቺ ትንሽ ነገር ብዙ ለውጥ አላት።

ከክሬሙ በፊት የምቀባው አንድ ሴረም፣ ማለትም ስስ ፈሳሽ፣ ብቻ አለኝ፤ ኒያሲናማይድ። የቫይታሚን ቢ3 ዓይነት ነው። ብጉር ድኖ ለሚቀረው ጥቁር ምልክትም፣ ለወዙም ይረዳል፤ ብዙ ቆዳም ይቀበለዋል። 5 በመቶ የያዘ ለኔ በቂ ነው። 10 በመቶ ስለሆነ እጥፍ ይሰራል ማለት አይደለም፤ አንዳንድ ሰው ላይ እንዲያውም ይቆጠቁጣል። ብቻ ትዕግስት ይፈልጋል። የላይኛው ቆዳ ራሱን ለማደስ አንድ ወር ገደማ ይወስድበታል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጥ አላየሁም ብሎ መጣል ጠርሙሱንም ገንዘቡንም ማባከን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሰንስክሪን፤ ከፀሐይ የሚከላከለው ቅባት።

"እኛ ጥቁር ነን፣ ሰንስክሪን ምን ያደርግልናል?" የሚለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ግማሽ እውነት አለው። ሜላኒን በእርግጥ ይከላከላል። ቆዳችን እንደ ነጮቹ ቶሎ አይቃጠልም። ግን በጣም ጥቁር የሆነ ቆዳ እንኳ በተፈጥሮው ያለው መከላከያ ከኤስፒኤፍ 13 (ኤስፒኤፍ ሰንስክሪን ምን ያህል እንደሚከላከል የሚናገረው ቁጥር ነው) ጋር የሚቀራረብ ነው ተብሎ ነው የሚገመተው። የቆዳ ሐኪሞች የሚመክሩት ደግሞ 30 እና ከዚያ በላይ ነው። ሌላም አለ። እኛን ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቀን መቃጠሉ ሳይሆን መጥቆሩ ነው። ማድያት አለ። ብጉሩ ጠፍቶ ለወራት የሚቆይ ነጠብጣብ አለ። ማድያት ያለባት ሴት ስንት ክሬም እንደምትገዛ አውቃለሁ። ያ ሁሉ ክሬም ቀን በፀሐይ እየተበላሸ ነው። ሰንስክሪን የሌለበት የማድያት ህክምና ውሃን በወንፊት መቅዳት ነው።

እና ደግሞ ይህን ስሙኝ። ማድያትን የሚያባብሰው አልትራቫዮሌት የሚባለው፣ በዓይን የማይታየው የፀሐይ ጨረር ብቻ አይደለም። በዓይናችን የምናየው ብርሃንም ያጠቁራል፤ በተለይ ጠይምና ጥቁር ቆዳን። ተራው ሰንስክሪን ይህንን ብርሃን በደንብ አይመልሰውም። የሚመልሰው አይረን ኦክሳይድ የተባለው ማቅለሚያ ነው። እሱ ያለው ደግሞ ባለ ቀለሙ ሰንስክሪን ውስጥ ነው። ስለዚህ ባለ ቀለም ሰንስክሪን ለቁንጅና ብቻ የተሰራ አይምሰላችሁ። ማድያት ላለበት ሰው ዋና መከላከያው ነው። ለኔ ደግሞ ጊዜ ይቆጥብልኛል፤ የፊቴን ቀለም አንድ ዓይነት ስለሚያደርገው የፋውንዴሽኑን ቦታ ይይዛል።

ችግሩ ቀለሙ ነው። ብዙዎቹ የሚመጡት በአንድ ወይም በሁለት ቀለም ብቻ ነው። ያም ጠቆር ላልን ሰዎች ወይ ነጣ ይላል ወይ ብርቱካንማ ይሆናል። ከመግዛታችሁ በፊት እጃችሁ ላይ ሳይሆን መንጋጋችሁ ጫፍ ላይ ሞክሩት፤ ወደ ውጭ ወጥታችሁም በቀን ብርሃን እዩት። ካልተስማማችሁ፣ ማድያትም ከሌለባችሁ፣ ቀለም የሌለውንና ነጭ የማይተወውን ያዙ። ብላክ ገርል ሰንስክሪን የተሰራው ለዚሁ ነው፤ ተቀብታችሁት ፊታችሁ ላይ አይታይም። ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባሉ ነጭ ማዕድናት የሞሉባቸው፣ ቀለም የሌላቸው ሰንስክሪኖች ናቸው ፊታችንን አመድ የሚያስመስሉት።

መጠኑ ላይ አትሰስቱ። በሁለት ጣቶቻችሁ ርዝመት ልክ ጭመቁ፤ ለፊትና ለአንገት። ኤስፒኤፍ 30 ቆዳን ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶውን ያስቀራል፣ 50 ደግሞ 98 በመቶውን። ልዩነቱ ጠባብ ነው። ግን ይህ ቁጥር የሚሰራው በቂ ከተቀባችሁ ነው። በስሱ የተቀባ 50 በደንብ ከተቀባ 30 ያንሳል። "ፋውንዴሽኔ ውስጥ ኤስፒኤፍ አለ" ለምትሉም መልሱ ይኸው ነው፤ ያን ያህል ፋውንዴሽን የሚቀባ ሰው የለም። ውጭ የምትውሉ ከሆነ በየሁለት ሰዓቱ ድገሙት። መስኮት አጠገብ የምትሰሩም ተቀቡ፤ ዩቪኤ የሚባለው ጨረር በመስታወት ያልፋል።

ሰንስክሪኑ እስኪደርቅ ልብሴን እለብሳለሁ። ከዚያ ሜካፑ በጣም አጭር ነው።

ኮንሲለር፣ ማለትም ጥቁረትና ምልክት የሚሸፍነውን፣ ከዓይኔ ስር እና ምልክት ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ጠብ አደርጋለሁ። በቀለበት ጣቴ መታ መታ አደርገዋለሁ፤ የጣት ሙቀት ያለሰልሰዋል። ናርስ ራዲያንት ክሪሚ የሚባለውን እወደዋለሁ፣ ትንሿ ጠብታ ስለምትበቃ። ስለ ቀለም ካነሳን አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የዘፋኟ የሪሃና ሜካፕ፣ ፌንቲ ቢዩቲ፣ በ40 ዓይነት የፋውንዴሽን ቀለም ሲጀምር የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አልረሳሁትም። ጥቁሮቹ ቀለሞች "በኋላ ይመጣሉ" ተብለው አልተተዉም። ከመጀመሪያው ቀን ከሌሎቹ እኩል ተደርድረው መጡ። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም ቀለማቸውን ማብዛት ግድ ሆኖባቸዋል።

ለጉንጬና ለከንፈሬ አንድ ክሬም ብላሽ ይበቃል። ጠቆር ላለ ቆዳ ፈዛዛ ሮዝ አይሆንም፣ ግራጫ ይመስላል። ደፈር በሉ። እቃው ውስጥ ሲያዩት የሚያስደነግጥ ወይን ጠጅ፣ ደማቅ ብርቱካን፣ የሸክላ ቀይ፤ እነዚህ ጉንጭ ላይ ሲደርሱ ከውስጥ የመጣ ደም ይመስላሉ።

የሽፋሽፍቱ ማስካራ ላይ ብዙ አልልም። የሜይቤሊን ግሬት ላሽ፣ ያ ሮዝና አረንጓዴው፣ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ አለ፤ ዛሬም ይሰራል። ብቻ በየሦስት ወሩ ቀይሩት፣ ለማንም አታውሱ። ዓይን ነው።

ቫዝሊንን ሳልጠቅስ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1872 ነው የአሰራሩ ፓተንት የወጣው። ከዚያ ወዲህ ስንት ውድ ቅባት መጥቶ ሄዷል፣ እሱ አለ። ራሱ ውሃ አይሰጥም፤ ያለው ውሃ እንዳይወጣ ይዘጋል። ከንፈር የራሱ ወዝ ስለሌለው ቶሎ ይደርቃል፣ ለእሱ ከቫዝሊን የሚሻል አላገኘሁም። ቅንድቤንም በእሱ ነው የማስተኛው።

አንድ ከልቤ የምለምናችሁ ነገር አለ። በሳምንት ውስጥ ያቀላል፣ ማድያት ያጠፋል የሚባል፣ ምን እንደያዘ የማይጽፍ ክሬም አትግዙ። አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አላቸው፤ ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። አንዳንዶቹ ጠንካራ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት አላቸው፤ መጀመሪያ ፊት ያበራል፣ ቀስ በቀስ ግን ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ሲያቆሙት ደግሞ ቆዳው ደም መስሎ ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ብጉር ያወጣል። ማድያቱ ካስቸገራችሁ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂዱ። እስከዚያው ባለ ቀለሙን ሰንስክሪን አታቋርጡ፤ እርጉዝ ለሆናችሁም ማድያት የሚበዛበት ጊዜ ስለሆነ ይህንኑ እላለሁ።

ማታ ስትመለሱ ይህ ሁሉ መውረድ አለበት። ሰንስክሪን በውሃ ብቻ አይለቅም። መጀመሪያ በዘይት መልክ ባለ ማጽጃ አሹት፣ ቀጥሎ በተለመደው የፊት መታጠቢያ ታጠቡ። ስለ ማታው፣ ሬቲኖል ስለሚባለው የማታ ቅባትም ጭምር፣ ብዙ የምለው ስላለኝ ለብቻው ክፍል ይዤለታለሁ። በሚቀጥለው እንገናኝ፣ ደህና ሁኑልኝ።