ፍርሃት ሲደገም

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? እንኳን በደኅና መጣችሁ። ዛሬም ከደብረ ብርሃን ነኝ። ውጪው ውርጭ ነው፤ ጋቢዬን ደርቤ ማይኩ ፊት ተቀምጫለሁ።

የዛሬው ጉዳይ ሆረር ፊልም ነው። በተለይ ሪሜክ። አንዴ ተሠርቶ ያለቀ ፊልም ሌላ ሰው እንደገና ሲሠራው ኦሪጅናሉን ሊያህለው ይችላል ወይ? ሊበልጠውስ? ፊልም ወዳዶች ሲገናኙ መልሱ ብዙ ጊዜ ያው ነው። «የመጀመሪያውን የሚያህል የለም» ይባልና ወሬው ይዘጋል። እኔ ግን አልስማማም። ከሌላው የፊልም ዓይነት ሁሉ በላይ ሪሜክ የሚያስፈልገው ሆረር ነው ባይ ነኝ።

ከመጀመሬ በፊት፣ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የፊልሞቹንም መጨረሻ እናገራለሁ። ሳታዩ መስማት የማትፈልጉ ካላችሁ እዚህ ላይ አቁሙና አይታችሁ ተመለሱ።

እሺ። ጥሩ የፍቅር ፊልም ደጋግማችሁ ብታዩትም ያስለቅሳችኋል። ፍርሃት ግን ያልቃል። ከበሩ ኋላ ማን እንደቆመ አንዴ ካወቃችሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ያ በር በር ብቻ ነው። ዘመን ሲያልፍ ደግሞ ይብሳል። አባቶቻችንን እንቅልፍ የነሣ ጭራቅ ዛሬ ለልጆች መጫወቻ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሰው ተነሥቶ «ፍርሃቱ አሁን የት ነው ያለው?» ብሎ መፈለግ አለበት። የምወዳቸው ሪሜኮች በሙሉ ይህን ያደረጉ ናቸው።

«ዘ ቲንግ»ን እንውሰድ። በ1938 ጆን ካምቤል የሚባል አሜሪካዊ ደራሲ አንድ አነስ ያለ ልብ ወለድ አሳተመ። በበረዶ ምድር የሚኖሩ ተመራማሪዎች ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ያገኛሉ። ፍጡሩ የያዘውን ሰው መስሎ፣ ቁርጥ ያን ሰው ሆኖ መኖር ይችላል። ታሪኩ በ1951 ፊልም ሆነ። ግን የፊልሙ ሠሪዎች ይህንን ዋናውን ነገር ተዉት። የእነሱ ፍጡር ማንንም አይመስልም። ግዙፍ፣ ከዕፅዋት ወገን የሆነ ጭራቅ ነው። ከውጪ ይመጣል፤ በር ይገነጥላል፤ ሰዎቹ ተባብረው በኤሌክትሪክ ይገድሉታል። በዘመኑ ጥሩ ፊልም ነበር። ሰዎቹ ሲተባበሩ ማየትም ደስ ይላል።

በ1982 ጆን ካርፔንተር እንደገና ሠራው። ወደ ልብ ወለዱ ተመለሰና የተተወውን አነሣ። አሁን ቦታው አንታርክቲካ ነው። ጣቢያው ውስጥ 12 ወንዶች አሉ። ፍጡሩ ከመካከላቸው አንዱን ሆኗል፤ ምናልባትም ከአንድ በላይ። ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አንድ ትዕይንት አለ፤ ከእያንዳንዱ ሰው ደም ይወሰድና በየሳህኑ ይቀመጣል። ከዚያ የጋለ ሽቦ ደሙ ላይ ይነከራል። የሰው ደም ከሆነ ጭስ ብሎ ያልፋል። ካልሆነ ግን ይሸሻል። ሰዎቹ እዚያው ክፍል ውስጥ ታስረው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ያን ትዕይንት ባየሁት ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ። በ1951 ፍርሃቱ ከበር ውጪ ነበር። በ1982 ከጎን ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ይህን ፊልም እዚህ እኛ ጋ ማየት ደግሞ የተለየ ነገር አለው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ብርድ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። በክረምት በጣርማበር ያለፈ ሰው ጉሙን ያውቀዋል። ከፊት የሚመጣውን ሰው በመልኩ መለየት አይቻልም፤ ሰላምታ እስኪሰጥ ትጠብቃላችሁ። በድምፁ ነው የምታውቁት። ድምፁንም መስረቅ የሚችል ነገር ቢኖርስ? ይሄ ሐሳብ ነው ከዚያ ፊልም ይዤው የቀረሁት።

የሚያሳዝነው፣ ሲወጣ ብዙ ተቺዎች አብጠለጠሉት። በዚያው ሰኔ ወር «ኢ.ቲ.» ወጥቶ ነበር፤ ከሌላ ዓለም የመጣ ደግ እንግዳ ነው እሱ። ሰው ደጉን መረጠ። ዛሬ ግን የካርፔንተር ፊልም ከታላላቆቹ የሆረር ሥራዎች ተርታ ነው። ጭራቆቹን የሠራው ሮብ ቦቲን ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለ ወጣት ነበር። ኮምፒውተር የለም። ሁሉም በእጅ የተሠራ ነው፤ እዚያው ካሜራው ፊት ይዘረጋል፣ ይቀደዳል። በ2011 ደግሞ በዚሁ ስም ሌላ ፊልም መጣ፤ ከ1982ቱ ታሪክ በፊት የሆነውን የሚተርክ። ባለሙያዎቹ ለእሱም ጭራቆችን በእጅ ሠርተው ነበር። በኋላ አብዛኛው በኮምፒውተር ምስል ተሸፈነ። ውጤቱን ዓይን አያምነውም። የአንድ ሰው ድካም እንዲህ ሲሸፈን ያናድደኛል።

«ዘ ፍላይ»ም እንዲሁ ነው። በ1958ቱ አንድ ሳይንቲስት በራሱ መሣሪያ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ የዝንብ ጭንቅላት ይዞ ይወጣል። በአንድ ጊዜ። ልብስ ሸፍኖበት ይዞራል፤ ሲገለጥ እንደነግጣለን፣ አለቀ። በ1986 ዴቪድ ክሮነንበርግ ሲሠራው ለውጡን ቀስ አደረገው። ሰውዬው በመጀመሪያ ጉልበት ያገኛል፤ ደስ ይለዋል። ከዚያ ቆዳው ይበላሻል። ጥፍሩ ይወልቃል። ጥርሱ ይረግፋል። የምትወደው ሴት እያየችው ነው ይሄ ሁሉ የሚሆነው። ፊልሙ በሜካፕ ኦስካር አግኝቷል። ብዙ ሰው በዚያን ጊዜ ዓለምን ካስጨነቀው ኤድስ ጋር አያያዘው። ክሮነንበርግ ራሱ ግን ስለ ሕመምና ስለ እርጅና በጠቅላላው ነው ይላል። የታመመ ሰው ያስታመመ ሁሉ ይህን ፊልም ይረዳዋል። የምትወዱት ሰው እዚያው አልጋው ላይ ሆኖ ቀን በቀን ሲርቅ ማየት! የመጀመሪያው ፊልም ይህን ሊነካው እንኳ አልሞከረም።

አያቴ መንዝ ነው ያደገችው። ማታ እሳት ዳር «ተረት ተረት» ስትል እኛ «የላም በረት» እንላለን። የጅብ ተረት ነበራት። ያንኑ ተረት አጎቴም ያውቀዋል። አጎቴ አንድ ቃል አይጥልም፤ ሁልጊዜ ያው ነው፣ እንደ ዳዊት ነው የሚደግመው። ማንም አልፈራውም። አያቴ ግን በየጊዜው ትለውጠዋለች። ጅቡ አንዴ ከወንዙ ማዶ ነው። ሌላ ጊዜ ከበረታችን ጀርባ ነው። ዝናብ ከጣለ ዳናው ጭቃው ላይ ቀርቷል ትለናለች። በማግስቱ ጠዋት ሄደን ጭቃውን እናያለን። የራሷን ተረት በየማታው ሪሜክ ታደርገው ነበር፤ የሚያስፈራውም ለዚያ ነው።

ጋስ ቫን ሳንት በ1998 የሂችኮክን «ሳይኮ»፣ አንዲት ሴት ሻወር ቤት ውስጥ በቢላ የምትገደልበትን ፊልም፣ ሲሠራ የአጎቴን መንገድ መረጠ። የ1960ው ስክሪፕት፣ የዚያው ፊልም ሙዚቃ፣ ከሞላ ጎደል ያው የካሜራ አቀማመጥ። አዲሱ ነገር ቀለሙና ተዋንያኑ ናቸው። ሙከራውን አከብራለሁ፤ አንድ ሰው ሊሞክረው ይገባ ነበር። ሻወር ቤቱ አለ፣ ቢላው አለ፣ ጩኸቱ አለ። ፍርሃቱ ግን አልመጣም።

ለኦሪጅናሎቹም መቆርቆር አለብኝ። ማንም የማይደርስባቸው አሉ። «ዘ ቴክሳስ ቼይንሶው ማሳከር» የ1974ቱ በትንሽ ገንዘብ፣ በቴክሳስ በጋ ሐሩር የተሠራ ነው። የተዋንያኑ ላብ እውነተኛ ነው። ምስሉ ሻካራ ነው፤ እዚያ መገኘት የሌለበት ሰው ተደብቆ የቀረጸው ይመስላል። በ2003 ሲደገም ካሜራ የያዘው ያው የመጀመሪያው የካሜራ ባለሙያ ነበር፤ ዳንኤል ፐርል። ያው ዓይን፣ የተሻለ መሣሪያ፣ ብዙ ገንዘብ። ምስሉ በጣም ያምራል። ያ ውበት ነው የጎዳው ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያው የሚያስፈራው ከድህነቱ የተነሣ ነው። ድህነት ደግሞ በገንዘብ አይደገምም።

«ሪንጉ»ና «ዘ ሪንግ» ላይ ስመጣ ለመፍረድ እቸገራለሁ። ጃፓናዊው ሂዴዮ ናካታ በ1998 ሠራው። ጎር ቨርቢንስኪ በ2002 አሜሪካ ወሰደው። አንድ የቪዲዮ ካሴት አለ፤ ያየው ሰው በሰባት ቀን ይሞታል። መዳን የሚፈልግ ካሴቱን ቀድቶ ለሌላ ሰው ማሳየት አለበት። የጃፓኑ ዝም ይላል፤ ዝምታው ነው የሚያስፈራው። የአሜሪካው ምስሉ ይበልጣል፤ ያ አረንጓዴ ግራጫ ዝናብ ከሐሳቤ አልወጣም። ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት እችላለሁ። ቪዲዮ ቤት ገብቶ ያደገ ሰው ይህን ታሪክ በቀላሉ ይረዳዋል። ካሴት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ ከመቀዳቱ ብዛት ምስሉ ሲንቀጠቀጥ፣ ነጭ መስመር ሲጋልብበት አይተናል። የዛሬ ልጅ ግን ካሴት በእጁ ይዞ አያውቅም። ለእሱ ፍርሃቱ ስልኩ ውስጥ መግባት አለበት። ያን የሚሠራ ሰው መምጣቱ አይቀርም፤ እኔም አያለሁ።

አሁን ልቤ ወዳለበት ልምጣ። «ኢንቬዥን ኦፍ ዘ ቦዲ ስናቸርስ»። የዶን ሲገል ፊልም፣ 1956። ቦታው ትንሽ የካሊፎርኒያ ከተማ ነው። አንድ ልጅ «እናቴ እናቴ አይደለችም» እያለ ያለቅሳል። መልኳ እሷ ነው። ድምጿ እሷ ነው። ግን እሷ አይደለችም። ሰዎች ተኝተው ሲያድሩ በሌላ ነገር ይተካሉ። መጨረሻ ላይ ሐኪሙ አውራ ጎዳና ወጥቶ መኪናዎችን እያስቆመ ይጮኻል፤ የሚሰማው የለም። ስቱዲዮው ይህን መጨረሻ ፈራና ተስፋ የሚሰጥ መግቢያና መውጫ አስጨመረበት።

በ1978 ፊሊፕ ካውፍማን ታሪኩን ሳንፍራንሲስኮ አመጣው። ትልቅ ከተማ ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት አይተዋወቅም። ታዲያ ሰው ቢለወጥ በምን ይታወቃል? የ1956ቱ ሐኪም የነበረው ተዋናይ ኬቪን ማካርቲ እዚህም አንድ አፍታ ብቅ ይላል፤ ያንኑ ማስጠንቀቂያ እየጮኸ መንገድ ለመንገድ ይሮጣል። 22 ዓመት ሙሉ ሲሮጥ የቆየ ይመስላል። ከዚያ መጨረሻው። አንዲት ሴት የተረፈ ወዳጇን አይታ ልታናግረው ትቀርበዋለች። ዶናልድ ሰዘርላንድ ነው። ጣቱን ያነሣባታል። አፉን ይከፍትና ያ የሰው ያልሆነ ጩኸት ይወጣል። ለእኔ ከኦሪጅናሉ የበለጠ ሪሜክ ማለት ይሄ ነው።

ያ ጣት ወደ አገሬ ይመልሰኛል። በእኛ በሰሜን ሸዋ ሸክላ የሚሠሩ፣ ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ሸማ የሚሠሩ ሰዎች ጠይብ ሲባሉ ኖረዋል። ቡዳ ናቸው ተባለ። ማታ ጅብ ይሆናሉ ተባለ። ቡናችን የሚፈላበት ጀበና የእነሱ እጅ ሥራ ነው። እንጀራችን የሚጋገርበት ምጣድ የእነሱ ነው። ከገበያ ገዝተን ቤታችን እናስገባዋለን። ልጃችን የእነሱን ልጅ ላግባ ሲል ግን ዘመድ ይሰበሰባል። የአንድ ጎረቤት ሕፃን ታመመ እንበል፤ «ማን አየው?» ይባላል። ከዚያ ጣት ይነሣል። ልጅ ሆኜ ይህን ታሪክ ስሰማ ጅቡን ነበር የምፈራው። አሁን የምፈራው ጣቱን ነው።

እኛ አገር አንድ ሆረር ቢሠራ ይህ ታሪክ እንደገና እንዲሠራ እፈልጋለሁ። ተረቱ አይለወጥ። ሌሊቱ ይኑር፣ ጅቡ ይኑር፣ የታመመው ሕፃን ይኑር። ካሜራው ግን ሸክላ ሠሪዋ ቤት ውስጥ ይግባ። ያልደረቀ ጀበና ተደርድሯል። ጅብ ሲጮኽ እሷም እንደ ማንም ሰው ትፈራለች፤ በሩን ታጠብቃለች፤ ልጆቿን ወደ ጓዳ ታስገባለች። ቀጥሎ የሰው ድምፅ ይሰማል። ብዙ ሰው ነው። ድምፃቸውን ታውቀዋለች፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ ምጣድ የሸጠችላቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ፊልም ከመንዝ ወይም ከአንኮበር ቢመጣ፣ የሚሠሩትም ይህን ስድብ ሰምተው ያደጉ ቤተሰቦች ልጆች ቢሆኑ ደስ ይለኛል። እነሱ የሚያውቁትን ፍርሃት ሌላ ሰው ሊፈጥረው አይችልም።

እስከዚያው ሁለቱን «ቦዲ ስናቸርስ» በተከታታይ እዩ። የ1956ቱን አስቀድሙ፤ ጥቁርና ነጭ ነው፣ አጭርም ነው፣ አንድ ሰዓት ከሃያ ገደማ። እረፍት ውሰዱና የ1978ቱን ቀጥሉ። ቅደም ተከተሉን ካገላበጣችሁት ያ የሚሮጠው ሰውዬ ማን እንደሆነ አታውቁትም። የቻላችሁ ከሰው ጋር ሆናችሁ እዩ። በሚቀጥለው ስለ 1922ቱ «ኖስፌራቱ»ና ስለተከተሉት ሁለት ሪሜኮች እናወራለን። ቸር ሰንብቱ።