የአሮጌ ስትራቶካስተር ዕድሜ ከየት ይነበባል?

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ በፊቱ የተደፋ ጊታር]

ጤና ይስጥልኝ ተመልካቾች። ፌንደር የሚባለው ኩባንያ የሠራው አሮጌ ስትራቶካስተር የተባለ የኤሌክትሪክ ጊታር እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ ገልብጦ የመለያ ቁጥሩን ያያል። ስልኩን አውጥቶ ይፈልጋል፣ ዓመት ያገኛል፣ በቃ አወቅሁት ይላል። እኔ ግን እላችኋለሁ፦ ስለ ጊታሩ ዕድሜ ከሚመሰክሩት ነገሮች ሁሉ ደካማው ያ ቁጥር ነው።

የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስትራቶካስተር የወጣው በ1954 ነው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ፉለርተን ከሚባል ከተማ። ቁጥሩ ለብዙ ዓመታት የሚመታው አንገቱን ከገላው ጋር የሚያስሩት አራት ብሎኖች በሚያልፉበት የብረት ሰሌዳ ላይ ነበር። ሰሌዳዎቹ ቁጥር ከተመታባቸው በኋላ በዕቃ ተጠራቅመው ይቀመጣሉ። ሠራተኛው እጁ የገባለትን አንስቶ ይገጥማል፤ ተራ የሚጠብቅ የለም። ስለዚህ ትልቅ ቁጥር ያለው ጊታር ትንሽ ቁጥር ካለው ቀድሞ ሊወጣ ይችላል። በዚያ ላይ ሰሌዳውን ፈትቶ ሌላ ጊታር ላይ መግጠም ቀላል ነው። የሌላው ጊታር ሠሪ የጊብሰን ደግሞ ይብሳል፤ በ1960ዎቹ አንዱን ቁጥር በተለያየ ዓመት ለተሠሩ ጊታሮች ደጋግመው ሰጥተውታል።

ቢሆንም ቁጥሩ ዘመኑን በጥቅሉ ይጠቁማል። «ኤል» በሚል ፊደል ከጀመረ ከ1962 መጨረሻ እስከ 1965 ባለው ጊዜ ነው። ሰሌዳው ላይ ትልቅ «ኤፍ» ካለ ከዚያ በኋላ ነው። ከ1976 ወዲህ ቁጥሩ ወደ ጊታሩ ራስ ተዛውሯል። «ቪ» ካያችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ ከ1982 ጀምሮ ፋብሪካው ራሱ በድሮዎቹ አምሳል የሠራው ሊሆን ይችላል።

[ቅርብ ምስል፦ የወጣ አንገት፣ ገላው ውስጥ የሚገባው ጫፍ]

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ክሮቹን በደንብ አላሉ። በልኩ ካቻቢቴ ብሎኖቹን ፍቱና አንገቱን አውጡ። ከሥሩ ስስ ወረቀት ካገኛችሁ አትጣሉት፤ የአንገቱን ዘንበል ለማስተካከል የገባ ነው፣ ስትገጥሙ መልሱት።

እዚህ ጫፍ ላይ እስከ 1962 መጀመሪያ ድረስ ቀን በእርሳስ ይጻፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ማኅተም መጣ። ለምሳሌ «2 ጁን 63 ቢ» የሚል ማኅተም እንውሰድ። ብዙ ሰው ጁን 2 ቀን ብሎ ያነበዋል። አይደለም። 2 የሞዴሉ ኮድ ነው፤ በዚያ ዘመን ስትራቶካስተር ማለት ነው። «ቢ» የአንገቱን ስፋት ይናገራል፤ መደበኛው ልክ ነው። የሚቀረን ጁን 1963 ነው። እሱም የአንገቱ ቀን እንጂ የጊታሩ አይደለም። አንገቱ ተሠርቶ ገላ እስኪያገኝ መደርደሪያ ላይ ሊከርም ይችላል።

[ቅርብ ምስል፦ የቮሊዩም መቆጣጠሪያ ጀርባ]

ስለዚህ ሁለተኛ ምስክር እንጥራ። የፊት ፕላስቲኩን አንሡና የቮሊዩሙንና የቶኑን ፖቶች፣ ማለትም የድምፅ መጠንና የቃና መቆጣጠሪያዎቹን፣ ጀርባ ተመልከቱ። «3046320» ይላል እንበል። 304 አምራቹ ነው፣ ስታክፖል። 63 ዓመቱ፣ 20 ደግሞ ሳምንቱ፤ ማለትም ሜይ ወር አጋማሽ። ከአንገቱ ጋር ተስማማ! 137 ከሆነ አምራቹ ሲቲኤስ ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ፌንደር በ1966 የሲቲኤስ ፖቶችን በገፍ ገዝቶ ነበር፤ የ1966 ኮድ እስከ 1969 አካባቢ በተሠሩ ጊታሮች ውስጥም ይገኛል። ፖቱ የሚነግራችሁ ጊታሩ ከዚያ ቀን በፊት እንዳልተገጣጠመ ብቻ ነው። ያም የሚሠራው ፖቱ ካልተቀየረ ነው፤ ስለዚህ ብየዳውን እዩት። የተነካካ ወይም ተደራርቦ የተለጠፈ ብየዳ ካለ ያ ምስክር ታማኝነቱን አጥቷል። እባካችሁ፣ ኮዱን ለማንበብ ብላችሁ ብየዳ እንዳታነሡ! ያልተነካ ብየዳ አንዴ ከተነሣ አይመለስም።

መፍታት ካልቻላችሁ ዓይናችሁ ብዙ ይሠራል። ጣት የሚያርፍበት ገጹ ሮዝውድ የሚባል እንጨት የሆነ አንገት የመጣው በ1959 አጋማሽ ነው፤ ከዚያ በፊት አንገቱ ሁሉ ሜፕል የሚባል እንጨት ነበር። በዚያው ጊዜ አካባቢ ነጠላው ነጭ የፊት ፕላስቲክ ባለ 8 ብሎን ተቀይሮ ድርቡ ባለ 11 ብሎን ገባ፤ እሱ ሲያረጅ ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል። የአሜሪካው የቴሌቪዥን ኩባንያ ሲቢኤስ ፌንደርን በጃንዋሪ 1965 በ13 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ የጊታሩ ራስ ሰፋ። ትንሽና ትልቅ ራስ ከሩቅ ይለያሉ።

አንገቱ 1963፣ ፖቱ 1966 ቢሆንስ? ወይ ፖቱ ተቀይሯል፣ ወይ አንገቱ ከሌላ ጊታር መጥቷል። ያኔ ብየዳው፣ የሽቦው ልባስ፣ የብሎኖቹ ቀዳዳ ይመረመራል። ሻጩ «የ1963 ነው» ካለ የአንገቱንና የፖቶቹን ፎቶ ጠይቁት። እምቢ ካለ ዕድሜው እንደማይታወቅ ጊታር ዋጋ ስጡት።